ዓይኗን ብቻ ያየኋት አዋላጅ፣ ፊቷን የማልረሳው ጎረቤት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረዥም ነበር። ጸሐፊዋን አስፈቅጄ አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው፤ ኮሮና በገባበት ዓመት።

ያኔ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ ነበርን። ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱም አንድ። ከጎናችን ያለችው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነበረች። ሁላችንም ‹ሲስተር› ነበር የምንላት። ኮሮና ገባ ሲባል ፈርቼ ክትትሌን አቋረጥኩ። ማታ ከሥራ ስትመለስ ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ፣ በራችን ላይ ቆማ ግፊቴን የምትለካኝ እሷ ነበረች።

ግንቦት ላይ አከራያችን ሲስተር ቤቱን እንድትለቅ ፈለጉ። ‹ከበሽተኛ ጋር ውላ ነው የምትመጣው› አሉ። ተከራዩን አንድ በአንድ ጠየቁ። እኔን ሲጠይቁኝ ‹እኔስ እርጉዝ ነኝ፣ እፈራለሁ› አልኩ። ይህችን ብቻ። ለእሷ ግን ‹እርጉዟ ልጅ ፈርታለች› ብለው ነው የነገሯት። ቅዳሜ ዕቃዋን ጭና ወጣች። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ‹ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ ወይ ዓይንሽ ብዥ ካለብሽ፣ ኮሮና ብለሽ ቤት እንዳትቀመጪ› አለችኝ። ቀጥላ ‹ማርያም በሽልም ታውጣሽ› ብላኝ መኪናው ውስጥ ገባች።

ስምንት ወሬ ላይ አንድ ሌሊት ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ዓይኔም ብዥ አለ። ባለቤቴ ባለ ላዳ ጎረቤታችንን ቀስቅሶ ሆስፒታል አደረሰኝ። እሱን በር ላይ አስቀሩት። ግፊቴ 170 በ110 ነው ተባለ። ሰውነቴን በእሳት የለበለበኝ መርፌ ወጉኝ። አንዲት አዋላጅ ከአጠገቤ አልተለየችም። ማስክ አድርጋለች፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ መከለያ አለ፣ ጓንቷ ድርብ ነው። ያየሁት ዓይኗን ብቻ ነው። ተረኛዋ ጠዋት ስትመጣ እንኳ ‹ይህችን ሳልጨርስ አልሄድም› አለች። ልጄ ስትወለድ በራሷ ስልክ ባለቤቴ ጋ ደውላ ልቅሶዋን አሰማችው። ሁለት ኪሎ ከመቶ ነበረች። ዘንድሮ ኬጂ ልትጨርስ ነው።

አሁን የአራት ወር እርጉዝ ነኝ። ያ ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። አዋላጇን ማመስገን እፈልጋለሁ፤ ስሟንም መልኳንም አላውቅም። ባለቤቴ ‹ገንዘብ በፖስታ አድርገሽ ስጫት› ይላል። ሲስተርንስ ልፈልጋት? ወይስ ያለፈው አለፈ ልበል? ክትትል ልጀምር ብዬ ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ እሷ ትመስለኛለች።

ባለ ዕዳዋ»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ምስጋናና ስለ ይቅርታ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻው ነው። ከጤና ጣቢያ በር ሁለት ጊዜ ተመልሰሻል። ከዚያ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ቢቆይ ይቆያል፣ ይሄ ግን አይቆይም።

ያን ሌሊት የያዘሽ፣ እንደጻፍሽው ከሆነ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው የደም ግፊት ይመስላል። ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ እርግዝናው ከተጋመሰ በኋላ ነው የሚነሣው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን ሥር ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳያሳይ ይቀመጣል፤ የሚታወቀው ግፊት ሲለካና ሽንት ሲመረመር ብቻ ነው። ካልተደረሰበት እናቲቱን ያንቀጠቅጣታል፣ ሕይወቷንም ይቀጥፋል። እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ከደም መፍሰስ ጋር አብሮ ነው የሚጠራው። «በእሳት የለበለበኝ» ያልሽው መርፌ ማግኒዚየም ሰልፌት ሳይሆን አይቀርም። ሲሰጥ ሰውነትን ያግላል፤ እንቅጥቅጡን የሚከላከለው ግን እሱ ነው።

ይህ አንድ ጊዜ የደረሰባት ሴት በሚቀጥለው እርግዝናዋ ላይ ዳግም ሊገጥማት የሚችልበት ዕድል ከሌላዋ ሴት ከፍ ይላል። የግድ ይደርስብሻል ማለቴ አይደለም። ብዙ እናቶች ሁለተኛውን በሰላም ይወልዳሉ። ግን ሐኪምሽ ከአሁኑ ማወቅ አለበት። እንዳንቺ ላለችው እናት በትንሽ መጠን የሚታዘዝ አስፕሪን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ20ኛው ሳምንት በፊት እንዲጀመር ይመክራል። አንቺ አራት ወርሽ ነው። ጊዜው አላለፈም፣ ግን እየሄደ ነው። ከፋርማሲ ገዝተሽ በራስሽ እንዳትጀምሪ፤ ለአንቺ መሆኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ካርድ አውጪ። ስትገቢ መጀመሪያ የምትናገሪው ይህ ይሁን፦ «በመጀመሪያ ልጄ ግፊት ነበረብኝ፣ ስምንት ወሬ ላይ ነው የወለድኩት።» ምናልባት ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልሽ ይሆናል፣ አትደንግጪ። ከቻልሽ የያኔውን ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ። ባለቤትሽንም ይዘሽው ግቢ። ያኔ በር ላይ ቀርቷል፣ አሁን ማንም አያስቀረውም። ብቻሽን ሁለቴ ከተመለስሽ ሦስተኛውን ብቻሽን አትሞክሪው።

እዚያ ስትገቢ ሲስተርን ብታገኚያትስ? ካገኘሻት አገኘሻት። ክትትልሽን ይዘሽ ነው የምትገናኙት። እሷን የሚያሳዝናት ክትትል አቋርጠሽ ቤት መቀመጥሽን ማየት ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ።

በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ። ስለ አዋላጇ የጻፍሽው ብቻውን ሁለት ገጽ ነው፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። የእጇን ሙቀት በጓንቱ ውስጥ እንዴት እንደተሰማሽ፣ ድምፅዋ፣ የዓይኗ ቅንድብ ሳይቀር አለ። ስለ ሲስተር ስትጽፊ ግን ቶሎ ቶሎ ብለሽ አለፍሽ። ይገባኛል። ሰው የሚያምመውን ነገር በችኮላ ነው የሚያልፈው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሌሊት ሆስፒታል የላከሽ ማን ነው? ላዳውን ያመጣው ባለቤትሽ ነው። የተቀበለችሽ አዋላጇ ናት። ግን ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሆስፒታልን እንደ እሳት ነበር የሚሸሸው። አንቺም ሸሽተሽ ክትትል አቋርጠሻል። ራስ ምታቱን «ድካም ነው፣ ጠዋት ይለቀኛል» ብለሽ አንሶላ ተከናንበሽ መተኛት ትችዪ ነበር። ያን እንዳታደርጊ ያደረገሽ፣ አንዲት ሴት ዕቃዋ ተጭኖ፣ ቤቷን አጥታ እየሄደች፣ በርሽ ላይ ቆማ የነገረችሽ ቃል ነው። ራስሽ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ቤት እንዳትቀመጪ አለችሽ። ሁለቱም ምልክት መጣ። ተነሥተሽ ሄድሽ።

አዋላጇ ከሞት አፋፍ መለሰችሽ፤ አልክድም። ወደ አዋላጇ እጅ ያደረሰችሽ ግን ሲስተር ናት። ደብዳቤሽን ስትጽፊው ይህን ያየሽው አልመሰለኝም። «አንደኛዋን ላመስግን፣ ሁለተኛዋን ይቅርታ ልጠይቅ» ብለሽ ለየሻቸው። እኔ እንደማየው ግን የመጀመሪያው ምስጋና የሚገባት ይቅርታ የምትጠይቂያት ሴት ናት። ስለዚህ «ያለፈው አለፈ» አትበዪ። ፈልጊያት።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ፍርሃትሽ ትንሽ ልበል። ራስሽን ከሚገባው በላይ እየከሰስሽ ይመስለኛልና።

2012ን አስታውሺው። የመጀመሪያው ሰው መያዙ የተነገረው ዓርብ፣ መጋቢት 4 ቀን ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እጅ መጨባበጥ ተከለከለ። ስልክ ስንደውል እንኳ ከጥሪው በፊት «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ድምፅ ነበር የሚቀድመን። ታክሲው በግማሽ ጫነ፣ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ፋሲካን ቤታችን ተዘግተን፣ ቅዳሴን በቴሌቪዥን ነው ያሳለፍነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳንን መስጊድ ሳይሄዱ ጾሙት። ዶክተር ሊያ ታደሰ፣ ራሷ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም የሆነችው የያኔዋ የጤና ሚኒስትር፣ በየቀኑ ቁጥር ትነግረናለች። ያ ቁጥር በየቀኑ ያድጋል። ሚሊኒየም አዳራሽ፣ ዘፈንና ባዛር የምናውቀው ቦታ፣ አልጋ በአልጋ ሆነ።

ለእርጉዝ ደግሞ ይብስ ነበር። ቫይረሱ ጽንስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያን ጊዜ በደንብ የሚያውቅ አልነበረም። እርጉዝ ሴት ከተያዘች በጽኑ የመታመምና ያለ ጊዜዋ የመውለድ አደጋዋ ከፍ እንደሚል በጥናት የተረጋገጠው ኋላ ነው። ክትባቱ ሲሠራም መጀመሪያ በተደረጉት ሙከራዎች እርጉዞች አልተካተቱም። ስለዚህ ሆድሽን ይዘሽ መፍራትሽ ጥፋት አይደለም። ሆድ ውስጥ ያለን ልጅ የማይፈራለት ማን ነው?

ጥፋቱ ሌላ ነው። ፍርሃትሽን አከራይሽ ተውሰው ሲጠቀሙበት ዝም ማለትሽ ነው። «እፈራለሁ» ማለትና «ትውጣ» ማለት የተለያዩ ናቸው። አንቺ የመጀመሪያውን ነው ያልሽው። ሁለተኛው በአንቺ ስም ሲነገር ግን «እኔ እንዲህ አላልኩም» አላልሽም። ቅዳሜ ጠዋት በርሽ ላይ ቆመሽ እንኳ አላልሽም። ራስሽም ታውቂዋለሽ፣ አለዚያ ይህን ያህል ዓመት አይከተልሽም ነበር።

አንድ የማታውቂው ነገር ሊኖር ይችላል። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ደንብ አከራይ ተከራይን ከቤት ማስወጣትም ሆነ ኪራይ መጨመር ተከልክሎ ነበር። ሲስተር ቀበሌ ሄዳ ብትናገር ሕጉ ከእሷ ጋር ነበር። አልሄደችም። ለምን እንዳልሄደች እኔ አላውቅም። ግን የምገምተው አለኝ፤ ግምቴ የሚመጣው ከእኅቴ ነው።

ታናሽ እኅቴ ነርስ ናት። በዚያ ዓመት የኮሮና ሕሙማን ክፍል ተመድባ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ሁለት ሳምንት ቤት አትመጣም። ሲያልቅም ለብቻዋ ተለይታ ትቆያለች። እናታችን ምግብ በሳህን አድርጋ በር ላይ አስቀምጣ ትሸሻለች፤ ከሩቅ ቆማ ስትበላ ታያታለች። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ከቦርሳዋ የሆስፒታል ጋውን ጫፉ ወጥቶ ታየ። አጠገቧ የነበረችው ሴት ምንም ሳትናገር ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኅቴ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። ቀሪውን መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው። «ለምን ወረድሽ? ሂሳብ ከፍለሻል፣ መብትሽ ነው» ብዬ ተቆጣሁ። «እሷ እውነቷን ነው። እኔም ራሴን እፈራዋለሁ» አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። እነሱ ከእኛ በላይ ይፈሩ ነበር። እኛ የምንፈራው ከሩቅ የምንሰማውን ነው። እነሱ በእጃቸው የነኩትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በመላው ዓለም ከ80 ሺህ እስከ 180 ሺህ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። በሀገራችን የመጀመሪያው ክትባት የተጀመረው በሽታው በተሰማ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው፤ ቅድሚያውም ለጤና ባለሙያዎች ነበር። እስከዚያ ድረስ ያለችውን ዓመት ሙሉ ያለ ክትባት ነው የገፏት። አዋላጅሽ ያን ሌሊት ሁለት ጓንት ያደረገችው፣ ሲስተር ማታ ማታ ታጥባ በርሽ ላይ ቆማ ከደጅ የምትለካሽ ለዚህ ነው። ቤትሽ ውስጥ አልገባችም። ልብ ብለሽዋል? አንቺ ስትፈሪያት እሷም ለአንቺ እየፈራች ነበር።

እንግዲህ ሲስተርን እንዴት ታገኚያት?

አከራይሽን አትጠይቂ። ያን ያህል ዓመት ቆይቶ እሳቸውን ማስገባት ነገሩን ሌላ መልክ ያስይዘዋል። ከእሳቸው ጋርም አትጣዪ፤ የእሳቸው የእሳቸው ነው። ያኔ ትሠራበት የነበረው ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ስሟን ተናግረሽ «ጎረቤቴ ነበረች» በዪ። እዚያ ባትኖር እንኳ የት እንደተዛወረች የሚያውቅ ባልደረባ አይጠፋም። ስልኳን አትለምኚያቸው። የራስሽን ቁጥር ተዪላት፣ «ደውዪልኝ ብላለች» ይበሉላት። ልትደውል ወይ ልትተው ምርጫው የእሷ ይሁን።

ሽማግሌ ግን አትላኪ። ሽማግሌ ትልቅ ነገር ነው፤ በብዙ ጠብ ውስጥ እኔም ላክ የምለው ነው። እዚህ ግን አይሆንም። ሽማግሌ ፊት «አይሆንም» ማለት ይከብዳል። ጥርሷን ነክሳ «ይቅር ብያለሁ» ትልና ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አንቺ ቀለለሽ፣ እሷ ከበዳት። ልጅሽንም ይዘሽ አትሂጂ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ቀን። የምታምር የስድስት ዓመት ልጅ ፊት ለፊቷ አቁመሽ ማን ይከፋብሻል?

ከደወለች ሦስት ነገር ተናገሪ። ያልሽውን ቃል በቃል ንገሪያት፦ «አከራያችን ሲጠይቁኝ እፈራለሁ አልኩ። በእኔ ስም እንዳስወጡሽ ሳውቅ ዝም አልኩ።» ከዚያ ያን ሌሊት ምን እንደሆንሽ ንገሪያት። የነገርሽኝ ሁለቱም ምልክት መጣ፣ በቃልሽ ተነሥቼ ሄድኩ፣ ልጄ አለች በያት። ይህን እሷ አታውቅም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በሽልም መውጣት አለመውጣትሽን አልሰማችም። ሦስተኛው «ይቅርታ» ነው። «እርጉዝ ስለነበርኩ ነው» የሚለውን ግን ተዪው። እውነት ቢሆንም ተዪው። አንድ ጊዜ በዚያ ቃል ተጎድታለች።

ባትደውልስ? ቢከፋትስ? ሊሆን ይችላል። ደግመሽ አትላኪባት። አንድ ወረቀት ላይ ያን ሦስቱን ነገር ጽፈሽ በዚያችው ባልደረባዋ በኩል ስጪላት፣ ከዚያ እጅሽን አንሺ። አንብባው ቀድዳ ብትጥለውም ልጅሽ መኖሯን አውቃለች። እኔ ብሆን ማወቅ እፈልግ ነበር።

ወደ አዋላጇ ልምጣ። እሷን ማግኘት ካሰብሽው በላይ ቀላል ነው። የማዋለጃ ክፍል የወሊድ መዝገብ አለው። እናቲቱ ማን ናት፣ መቼ ወለደች፣ ሕፃኑ ስንት ኪሎ ነው፣ ማን አዋለደ፣ ይጻፋል። ቀኑን ታውቂያለሽ፣ ሰዓቱን ታውቂያለሽ፣ የልጅሽን ኪሎ እንኳ በቃልሽ ይዘሻል። ካርድ ቁጥርሽን ይዘሽ የማዋለጃ ክፍሉን ኃላፊ ጠይቂ። መዝገቡን ለአንቺ ላያሳዩሽ ይችላሉ፤ ልክ ናቸው፣ የሌሎች እናቶች ስም አለበት። ደብዳቤሽን ግን ያደርሱልሻል። እንዲያ ስለመሰለ ነገር ሥራቸውን ትተው ሲሯሯጡ አይቻለሁ፤ አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው የለመዱት።

ገንዘቡን ግን እርሺው። ባለቤትሽ በክፉ እንዳላሰበው አውቃለሁ። ግን የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ፖስታ ሲሰጥ የሚያይ ሰው ምን ብሎ እንደሚያስብ አስቢ። እሷን ያሳፍራታል፣ ምናልባትም ያስጠይቃታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያን ሌሊት ያደረገችውን ዋጋ አውጥታችሁለት እንደጨረሳችሁ ይመስላል። እጅሽ ባዶ እንዳይሆን ከፈለግሽ ድፎ ዳቦ ጋግረሽ ውሰጂ፣ ለክፍሉ ሁሉ። የሌሊት ተረኞች ጠዋት በቡና ይበሉታል። እኛ አገር አራስ ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም፤ አራሷ አዋላጇን ስትጠይቅም እንዲሁ ነው።

ደብዳቤው ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ደግሞ ከእኅቴ የተማርኩትን ልንገርሽ። በ2012ና በ2013 እኅቴ «ጀግና» ተብላለች፣ ምስክር ወረቀት ተሰጥቷታል፣ በቴሌቪዥን ተጨብጭቦላቸዋል። የት እንዳስቀመጠችው አታውቅም። ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዘው ግን ከደብተር የተገነጠለች አንዲት ግማሽ ወረቀት ናት። አንድ ትልቅ ሰው ሲወጡ የሰጧት ናት። «ሲስተር፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ ውሃ ስላጠጣሽኝ፣ ጽዋውንም ስለያዝሽልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ» ይላል። ሦስት ጊዜ መሆኑን እሷ ራሷ ረስታዋለች። እሳቸው ቆጥረዋል።

አንቺም ቆጥረሻል። ስለዚህ «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ብለሽ አታልፊው። «ይህችን ሳልጨርስ አልሄድም» እንዳለች ጻፊ። በራሷ ስልክ ለባለቤትሽ ደውላ የልጅሽን ልቅሶ እንዳሰማችው ጻፊ። ባለቤትሽም አንድ መስመር ይጨምር፦ በር ላይ ሆኖ ያን ድምፅ ሲሰማ የት እንደቆመ፣ ምን እንዳደረገ። የእሱን ወገን ታሪክ አታውቀውም እኮ።

የሚመችሽ ከሆነ ሚያዝያ 27 ቀን አድርሺው። የዓለም የአዋላጆች ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ከእንግዲህ ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ አብቅቷል ያለውም በዚሁ ቀን ነው፣ በ2015። በአጋጣሚ ነው፣ ግን ለእኔ ሁሌም ትርጉም ይሰጠኛል። ያ ቀን ሩቅ ከሆነ ግን አትጠብቂው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለአንቺ ብቻ አይደለም። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ ሲያነሡ ብዙ ሰው «ሕመምተኛ ጥለው» እያለ ሲናገር ሰማሁ። ስለ ሥራ ማቆም የተለያየ ሐሳብ ሊኖረን ይችላል። ግን በ2012 እጃቸው ላይ የወለድን፣ አባት እናታችንን እነሱ ይዘው ኦክስጅን የሰጡልን ሰዎች፣ ቢያንስ የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚከፍሉ ሲናገሩ ቁጭ ብለን ልናዳምጥ ይገባን ነበር። ሲስተር ያን ቅዳሜ ዕቃዋን የጫነችው አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ስለነበር ነው። ነርስ ሆና ከሌላ ሦስት ቤተሰብ ጋር አንድ ሽንት ቤት ትጠቀም ስለነበር ነው። ምስጋናችን ይህንንም ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሰው አጠገብሽ ሆኖ ስለ እነሱ ክፉ ሲናገር፣ ዘንድሮ ዝም አትበዪ። ያን ሌሊት ያየሽውን ንገሪው።

አሁን ቅደም ተከተሉን ያዥልኝ። ሰኞ ክትትል። ግፊትሽን ሲለኩሽ ቁጥሩን ጠይቂና ደብተር ላይ ጻፊው፣ በየጊዜው። በዚያው ሳምንት ቁጥርሽን ለሲስተር ባልደረባ ተዪ። የአዋላጇ ደብዳቤ ከዚያ ይከተላል። እሱን ስትጽፊ ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጫት። ኬጂ እየጨረሰች ነው ብለሻል፤ ፊደል ቆጥራለች ማለት ነው። ከታች ስሟን ራሷ ትጻፍበት።